ሁለተኛ ሞኒተር ለሊኑክስ ላፕቶፕ፦ የቱ መገናኛ ይሻላችኋል?

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። አንድ ገመድ ተሳስቼ ከገዛሁ በገመዱ ዋጋ ላይ የታክሲው፣ የወረፋውና የቀረው ሥራ ይደመራል። አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ ወይም ለገጣፎ ያላችሁ የምለው ይገባችኋል።

እኔ የተሳሳትኩት እንዲህ ነው። ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር አገኘሁ። ንጹህ ነው፤ አንድም የሞተ ነጥብ የለውም። የላፕቶፔ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስለላላ «በዩኤስቢ ሲ ይሻለኛል» ብዬ አዳፕተር ጠየቅሁ። ሻጩ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ አሳየኝ። ምስሉ ቁልጭ ብሎ መጣ። «ወንድሜ፣ ይኸው ይሠራል» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ስሰካው ሞኒተሩ «ሲግናል የለም» ብሎ ጠቆረ። ኡቡንቱን (ላፕቶፔ ላይ ያለውን ሊኑክስ) ሪስታርት አደረግሁ። ገመዱን ነቅዬ ገልብጬ ሰካሁ። ሁለት ሌሊት መፍትሔ ስፈልግ አመሸሁ። ችግሩ ግን ኡቡንቱ ጋ አልነበረም። የእኔ ላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲ ዳታ እንጂ ምስል አያወጣም። አዳፕተሩን ልመልስ ስሄድ ደግሞ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያማክረኝ ስለ ሞኒተሩ ከማውራቴ በፊት ስለ መገናኛው እጠይቃለሁ። ሊኑክስ ላይ ነገሩ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚያ ነው።

በምን እንመዝን?

አምስት ነገር አያለሁ። እኩል ክብደት ግን አልሰጣቸውም።

ዋናው፣ ላፕቶፑ በዚያ ቀዳዳ ምስል ያወጣል ወይ የሚለው ነው። ቀዳዳው ገመዱን ስለተቀበለ ብቻ ምስል ይወጣል ማለት አይደለም። ቀጥሎ፣ ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር (ዕቃውን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ያውቀዋል ወይ? ድራይቨር የሚፈልግ ነገር ዛሬ ቢሠራም ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አፕዴት ሲሆን ሊቆም ይችላል። ድራይቨሩን ለማውረድም ዳታ ይሄዳል፤ በሞባይል ፓኬጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ሦስተኛ፣ መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? አራተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያነቡበት ዓይን ያደክማል ወይ? የመጨረሻው ዋጋ ነው። በብር አልጽፈውም፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከርካሽ ወደ ውድ በደረጃ ብቻ አስቀምጠዋለሁ።

ከቤት ሳትወጡ የሚታይ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ራሱን ጠይቁት። የፋይል ማሰሻውን ክፈቱና ከሥረኛው ማውጫ ጀምራችሁ «ሲስ»፣ ከዚያ «ክላስ»፣ ከዚያ «ዲአርኤም» የሚባሉትን አቃፊዎች ተከትላችሁ ግቡ። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው። እዚያ ላፕቶፑ ምስል ሊያወጣባቸው የሚችላቸው በሮች ይደረደራሉ። «ኢዲፒ» የሚለው የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ነው። «ኤችዲኤምአይ» እና «ዲፒ» (ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላው የምስል መገናኛ) የሚሉት ወደ ውጭ የሚያወጡት ናቸው።

እያንዳንዱ አቃፊ ውስጥ «ስቴተስ» የሚል ፋይል አለ። ስትከፍቱት አንድ ቃል ብቻ ታገኛላችሁ፦ «ኮኔክትድ» ወይም «ዲስኮኔክትድ»። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህች ፋይል ነው። ሞኒተሩን ሰክታችሁ «ኮኔክትድ» ካለ ላፕቶፑ አይቶታል ማለት ነው፤ ቀሪው የሴቲንግ ጉዳይ ነው። ሱፐር የሚባለውን ቁልፍ (ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን) ከፒ ጋር ተጭናችሁ «ጆይን» የሚለውን ምረጡ፣ ወይም ሴቲንግ ውስጥ «ዲስፕሌይስ» ገብታችሁ አብሩት። «ዲስኮኔክትድ» ካለ ግን ሴቲንግ መነካካቱ ጊዜ ማባከን ነው። ገመዱን፣ ቀዳዳውን ወይም ድራይቨሩን ተጠራጠሩ።

እዚያው አጠገቡ «ሞድስ» የሚል ፋይል አለ። ሞኒተሩ የሚችላቸውን የምስል መጠኖች ይዘረዝራል። ለምን እንደሚጠቅም ቪጂኤ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአቃፊዎቹ ስም «ካርድ» በሚል ቃልና በቁጥር ይጀምራል። ሁለት የተለያየ ቁጥር ካያችሁ ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ሊኖረው ይችላል። የሚቀጥለው ክፍል ይመለከታችኋል።

ቀጥታ በኤችዲኤምአይ

ላፕቶፑ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለ ሌላ አትፈልጉ። ግራፊክሱ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ። ሰክቶ መሥራት ነው። ከርነል ሲታደስም አይጠፋም። ለ1920 በ1080 የትኛውም ደህና ገመድ ይበቃል። ፎርኬ (3840 በ2160) ሞኒተር የሚገዛ ሰው ብቻ ስለ ስሪቱ ይጠይቅ፦ ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ነው የሚያድሰው፤ 60 ለማግኘት 2.0 ያስፈልጋል። በ30 ሲሆን የማውሱ እንቅስቃሴ ይጎተታል፤ ቀኑን ሙሉ አይቻልም።

የሚያስቸግረው ኤንቪዲያ ያለው ላፕቶፕ ነው። በነዚህ ላፕቶፖች የውስጡን ስክሪን የሚያንቀሳቅሰው ብዙ ጊዜ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ግን በብዙዎቹ ከኤንቪዲያው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ ደህና ይሠራል፣ ውጭ ያለው ሞኒተር ግን ዝም ይላል። ከርነሉ ጋር የሚመጣው «ኑቮ» የተባለው ነጻ ድራይቨር በአንዳንዱ ካርድ ይሠራል፣ በአንዳንዱ አይሠራም።

ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሞኒተሩን ገዝታ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ አቧራ ሲለብስ ከርሟል። ሄጄ «ስቴተስ»ን ከፈትኩት፦ «ዲስኮኔክትድ»። ገመዱን ከኔ ሞኒተር ጋር ሞከርነው፣ ይሠራል። «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን መስኮት ከፍተን ኡቡንቱ የሚመክረውን የኤንቪዲያ ድራይቨር መረጥን። ሲጫን የይለፍ ቃል አውጡ አለን፤ አወጣን። ሪስታርት ስታደርገው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ደንግጣ ዝም ብላ ስታየው አለፈ። ኡቡንቱ ተነሣ። «እንዴ፣ አሁንም ጥቁር ነው!» አለች።

ያ ሰማያዊ ስክሪን ነበር ቁልፉ። ሴኪዩር ቡት (ላፕቶፑ ሲነሣ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር የሚከለክለው ጥበቃ) የበራበት ላፕቶፕ ከውጭ የመጣ ድራይቨር የሚቀበለው ባለቤቱ ሲፈቅድለት ነው። ስክሪኑ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ቶሎ ብላችሁ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ያወጣችሁትን የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ። ድራይቨሩን አስወግደን እንደገና ጫንነው። በሁለተኛው ጊዜ ጣቷ ቁልፉ ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ሞኒተሩ በራ። የዚያን ቀን ፊቷን ብታዩት።

ድራይቨሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት።

ስለ ቀዳዳውም ልንገራችሁ። ኤችዲኤምአይ 19 ፒን አለው። 19ኛው ሥራው «ሞኒተር ተሰክቷል» ብሎ ለላፕቶፑ መንገር ነው። ቀዳዳው ሲላላ ይህ ወሬ ይቆራረጣል፤ ሞኒተሩ መጣ ሄደ ይላል። ብዙ ሰው ሊኑክስን ይረግማል፤ ጥፋቱ የቀዳዳው ነው። የእኔን በመጨረሻ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ነው ያሠራሁት። ዩኤስቢ ሲውን ስገዛ ያወጣሁት ብር ለዚህ ይበቃኝ ነበር።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነገር አለ። ሁለት ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ አገናኝቶ አንዱን እንደ ሞኒተር መጠቀም አይቻልም። በተለመዱት ላፕቶፖች ላይ ያ ቀዳዳ ማውጫ እንጂ ማስገቢያ አይደለም።

ቪጂኤ ያለው ያረጀ ሞኒተር

ሞኒተር ለሚገዛ ሰው ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። ቪጂኤ በ1987 የወጣ ነው፤ አሁንም ያገለገሉ ሞኒተሮች ላይ ይገኛል። ላፕቶፓችሁ ቪጂኤ ከሌለው «ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» የሚለውጥ አዳፕተር ትገዛላችሁ። ውስጡ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ባዶ ገመድ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ አይለውጥም። አቅጣጫውንም ጠይቁ። «ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚለው ሌላ ዕቃ ነው፣ ተመሳስሎባችሁ እንዳትወስዱት።

አሁን ገመዱን አንሡና ፊቱን እዩት። በሦስት ረድፍ 15 ቦታ አለ። ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ፒን ቢጎድል አትደንግጡ፤ 9ኛው ፒን በብዙ ገመድ ላይ ከመጀመሪያውም አይኖርም። የታችኛውን ረድፍ ግን በደንብ እዩት። 12ኛውና 15ኛው ፒን እዚያ ናቸው፤ የሞኒተሩን መታወቂያ ለላፕቶፑ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ይህ መታወቂያ ኢዲአይዲ ይባላል። «እኔ እንዲህ ያለ ሞኒተር ነኝ፣ ይህን ያህል መጠን እችላለሁ» የሚል አጭር መረጃ ነው። መንገዱ ሲቋረጥ ሊኑክስ ሞኒተሩ ምን እንደሚችል ስለማያውቅ 1024 በ768 ላይ ይቆማል። ጽሑፉ ይወፍራል፣ ይደበዝዛል። «ሞድስ» የሚለውን ፋይል ስትከፍቱ ከዚያ በላይ መጠን ካላያችሁ ይኸው ነው።

«ኤክስራንድር» በሚባለው ትእዛዝ መጠኑን በእጅ መጨመር ይቻላል። ኤክስኦርግና ዌይላንድ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ናቸው፤ ይህ የሚሠራው በኤክስኦርግ ስትገቡ ነው፤ በዌይላንድ አይሆንም። ኡቡንቱ 22.04 እና 24.04 ላይ የይለፍ ቃል ስታስገቡ ከታች ካለችው የጥርስ ያለው ጎማ ምልክት መቀየር ይቻላል። ግን ምክሬ ገመዱን ቀይሩ ነው። አንድ ሙሉ ገመድ ብዙ ትእዛዝ ከመሸምደድ ያድናል።

ዓይንን በተመለከተ ቪጂኤ በደህና ገመድም ቢሆን የኤችዲኤምአይን ያህል ጥርት አይልም። ለሁለት ሰዓት ይሆናል። ለስምንት ሰዓት አልመክረውም።

ዩኤስቢ ሲ

ሲሠራ ከሁሉም ይመቻል። በአንድ ገመድ ምስሉ ይወጣል፣ ሞኒተሩ ከቻለም ላፕቶፑ ቻርጅ ይደረጋል። ሊኑክስም ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም፤ ምስሉ እንደ ማንኛውም ዲስፕሌይፖርት ነው የሚታየው።

ዋናው ጥያቄ ቀዳዳው «ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ» የሚባለውን፣ ማለትም በዩኤስቢ ሲ ምስል ማውጣትን፣ ይደግፋል ወይ ነው። አጠገቡ የመብረቅ ምልክት ካለ ብዙ ጊዜ ተንደርቦልት ነው፣ ምስል ያወጣል። የዲስፕሌይፖርት ምልክት ካለም እንዲሁ። የዩኤስቢ ምልክት ብቻ ካለ ወይም ምንም ከሌለ የላፕቶፑን ትክክለኛ ሞዴል ከጀርባው አንብባችሁ የአምራቹን ዝርዝር እዩ። «ዲአርኤም» አቃፊ ውስጥ «ዲፒ» የሚል በር መኖሩ ጥሩ ጥቆማ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ ሳላይ ነው የገዛሁት።

ሃብ (ብዙ ቀዳዳ ያለው አዳፕተር) ለምትገዙ፦ ብዙዎቹ ፎርኬን በ30 ብቻ ያወጣሉ፤ መስመሩን ከዩኤስቢ ዳታው ጋር ስለሚካፈሉ ነው። ለ1080 ችግር የለውም።

በዚህ መንገድ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ሞኒተሮችም አሉ። ለእኛ ሰፈር ልዩ ጥቅም አላቸው። መብራት ሲሄድ ትልቁ ሞኒተር ይጠፋል፣ የከፈታችሁት ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ይጎርፋል፣ ሐሳባችሁም አብሮ ይበተናል። ተንቀሳቃሹ ግን ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ ሥራው ይቀጥላል። ባትሪው በእርግጥ ቶሎ ያልቃል። ብዙዎቹ ትንሿን ኤችዲኤምአይም ስለሚይዙ ምስሉን በኤችዲኤምአይ፣ ኃይሉን ከፓወር ባንክ መስጠት ይቻላል። ዩኤስቢ ሲያቸው ምስል ለማያወጣ ላፕቶፖች ይህ ጥሩ መውጫ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ካገለገለ ትልቅ ሞኒተር ሊበልጥ ይችላል።

ዲስፕሌይሊንክ

ይህ በተራው ዩኤስቢ ምስል የሚያወጣ ቺፕ ነው። ላፕቶፑ ምስሉን በፕሮሰሰሩ ጨምቆ እንደ ዳታ ይልካል፤ አዳፕተሩ ይፈታዋል። ስለዚህ ቪዲዮ ሲታይ ፕሮሰሰሩ ይደክማል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ለጽሑፍና ለሰንጠረዥ ግን ይበቃል።

በዩኤስቢ 2 የሚሠሩትን የድሮዎቹን ከርነሉ ራሱ ያውቃቸዋል። አዲሶቹ የኩባንያውን ድራይቨርና «ኢቪዲአይ» የሚባል ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ቁራጭ) ይፈልጋሉ። ለኡቡንቱ ድራይቨሩ ይወጣል። ግን ከርነል በታደሰ ቁጥር ሞጁሉ እንደገና መገንባት አለበት፤ ካልተገነባ ጠዋት ስትነሡ ሞኒተሩ የለም። ሴኪዩር ቡት ካለ ያ ሰማያዊ ስክሪን እዚህም ይመጣል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሱቅ ውስጥ ያሉት ርካሽ «ዩኤስቢ ወደ ኤችዲኤምአይ» አዳፕተሮች ናቸው። ብዙዎቹ ቺፓቸው ዲስፕሌይሊንክ አይደለም፣ ድራይቨራቸውም ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ማሸጊያው ላይ ዲስፕሌይሊንክ የሚል ካላያችሁ ተዉት።

ቴሌቪዥን እና ገመድ አልባ

ቤት ያለ ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ ካለው ሊኑክስ እንደ ሞኒተር ያውቀዋል። ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ግን ትክክለኛ መጠናቸው 1366 በ768 ነው። ጽሑፍ ይሻክራል። የስክሪኑ ጠርዝ ከተቆረጠ ከቴሌቪዥኑ ሜኑ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ፈልጉ፤ ላፕቶፑ ላይ አትድከሙ።

ገመድ አልባው ይሠራል ግን ይዘገያል። ስብሰባ ላይ ስላይድ ለማሳየት እንጂ ለዕለት ሥራ አልቆጥረውም።

ባንድ እይታ

| መገናኛ | ተጨማሪ ድራይቨር | ለንባብ | መብራት ሲሄድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ኤችዲኤምአይ፣ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ | አይፈልግም | በጣም ጥሩ | ሞኒተሩ ይጠፋል | አነስተኛ |
| ኤችዲኤምአይ፣ ኤንቪዲያ | ብዙ ጊዜ ይፈልጋል | በጣም ጥሩ | ሞኒተሩ ይጠፋል | አነስተኛ፣ ዳታ ሲደመር |
| ቪጂኤ በአዳፕተር | አይፈልግም | መካከለኛ | ሞኒተሩ ይጠፋል | ከሚገዙት ሁሉ ርካሽ |
| ዩኤስቢ ሲ በአልት ሞድ | አይፈልግም | በጣም ጥሩ | ሞኒተሩ ይጠፋል | መካከለኛ |
| ተንቀሳቃሽ ሞኒተር | አይፈልግም | ጥሩ፣ ግን ትንሽ | ይቀጥላል | ከፍ ያለ |
| ዲስፕሌይሊንክ | ለአዲሶቹ ይፈልጋል | ጥሩ | ሞኒተሩ ይጠፋል | ከፍ ያለ |
| የቤት ቴሌቪዥን | አይፈልግም | ደካማ | ይጠፋል | የገመዱ ብቻ |

ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁና ብር ከጠበበ፣ መጀመሪያ የቤቱን ቴሌቪዥን ሞክሩ። ቤተሰብ ዜና ሲያይ ግን ይወሰድባችኋል፤ ያኔ ቪጂኤ ያለው ያረጀ ሞኒተር ከሙሉ ገመድ ጋር ፈልጉ።

ቤት ተቀምጣችሁ ቀኑን ሙሉ የምትሠሩ፣ ሒሳብም ሆነ ትርጉም ወይም ኮድ፣ ያገለገለ ባለ 24 ኢንች 1080 በኤችዲኤምአይ ውሰዱ። በተረፈው ብር ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ግዙ። ሞኒተሩን ባዶ ዲቫይደር ላይ ብቻ አትሰኩት፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል። መብራት ከተመለሰ በኋላ ሞኒተሩ አልታወቅ ካለም ድራይቨር አትነካኩ። የኃይል ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩና መልሱት። ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ላፕቶፕ ይዛችሁ ቢሮ፣ ካፌ፣ ቤት የምትሉ፣ ወይም ሰፈራችሁ መብራት መጥፋት የሚበዛበት ከሆነ ተንቀሳቃሹ ዋጋውን ያወጣል።

ዲስፕሌይሊንክ የምመክረው ኤችዲኤምአዩ ለተበላሸበትና ዩኤስቢ ሲው ምስል ለማያወጣ፣ ወይም ላፕቶፑ ከሚችለው በላይ አንድ ሞኒተር ለሚጨምር ሰው ብቻ ነው። ላፕቶፑን ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ሥራችሁ ኤንቪዲያ ካልጠየቀ በቀር ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ግራፊክስ ብቻ ያለውን፣ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ጠንካራ የሆነውን ምረጡ።

ሱቅ ስትሄዱ

ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከነቻርጀሩ። በሻጩ ዊንዶውስ ላይ መሥራቱ ለእናንተ ምንም አያረጋግጥም። የራሳችሁ ላይ ሰክታችሁ «ስቴተስ» የሚለውን ፋይል ክፈቱ፣ ከዚያ «ሞድስ»ን እዩና ሞኒተሩ የተጻፈለት መጠን እዚያ መኖሩን አረጋግጡ። ያገለገለ ሞኒተር ከሆነ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ የእኛ 220 ነው። ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት፣ ምስሉ ቢቋረጥ ያው ገመድ ቤትም ይቋረጣል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ በርቶ ይቆይ። ሻጩ «እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አትሞክርም» ካለ ምስጋና ሰጥታችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ።